ዘጠኙና አሥራ አምስቱ ወጥመዶች

ሰኞ፣ መስከረም 20 ቀን 1989

ዛሬ ከማለዳው በአሥራ አንድ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። የሥራ ልብሴን ለብሼ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ስከፍት አባ ተክለ ማርያም፣ ጓደኛዬ ብርቅዬ፣ ጋራዥ ያለው ጥጋቡና ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይናገር መርዶ መሆኑን አወቅሁ። የማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያላወቅሁት። እናቴ ትሁን ብዬ ተመኘሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ይዲድያ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ወደ ቶሮንቶ ሲመለስ መኪናው ዝናብ ላይ ተንሸራቶ ዛፍ መታ።

ቅዳሜ ነው የሞተው። እኔ የሰማሁት ሰኞ ነው። ፖሊስ ትናንት እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ መጥቶ ለታናሽ እኅቱ ለኤደን ነገራት። እሷ ለብርቅዬ፣ ብርቅዬ ለአባ። ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትሰማ ተባለ፣ እንደ ወጋችን። ትናንት ብርቅዬ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ዛሬ ምን ነካት ብዬ በሆዴ ስቄባት ነበር። ኤደን ቀኑን ሙሉ ሆዴን አመመኝ ብላ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ሻይ በዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት።

ልጄ ሞቶ እኔ ዝንጅብል እልጥ ነበር።

ዓርብ፣ መስከረም 24

ቀበርነው። ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ለቅሶ ላይ ነን። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ዛሬ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። አንዱ ካልሲው ግራጫ፣ አንዱ ቡኒ ነው። ወንበር ቢሰጡት እንቢ ብሎ እንደ እኛ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ለመቀመጥም ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ስሙ ቶይቮ ነው። የፊንላንድ ሰው ልጅ ነው። ሰሜን ሐይቅ ዳር ይኖራል፤ ክረምት ሲገባ ጸጉራቸው የሚፈለግ አውሬዎችን ያጠምዳል። ይዲድያ ከሁለት ዓመት በፊት በጋውን ዛፍ ሊተክል ሰሜን ሄዶ ሳለ ነው የተዋወቁት። ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዳ እሱ ዘንድ ይሄድ ነበር። ወጥመድ ያስተካክልለታል። የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሞረድ መያዝ አይችልም።

ኤደን እያስተረጎመች፣ «ልጅሽ እጄ ነበር» አለኝ።

ሃያ አራት ወጥመድ ሊጨርስለት ቃል ገብቶ ነበር። የጨረሰው ዘጠኝ ነው። ሽማግሌው መስመሩን የሚዘረጋው ጥቅምት 30 ቅዳሜ ነው፤ በእነሱ ኖቬምበር ዘጠኝ። «አሁን ግን ስለ ወጥመድ አታስቢ» አለኝ።

እሱ ሲወጣ ብርቅዬ ጠጋ ብላ፣ «ወጥመድ ነው ያለው? የጅብ ነው እንዴ? ውቢትዬ፣ ልጃችን ብረት ሲቀጠቅጥ ነው የኖረው?» አለችኝ።

«አልቀጠቀጠም» አልኋት። «አስተካከለ እንጂ።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 1

ጥጋቡ ከተጋጨው መኪና የወጣውን ዕቃ ይዞልኝ መጣ። አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ኤደን አትክፈቺው አለችኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት።

አንድ ነገር አልገባኝም። የሚሠራው ሽማግሌው ቤት ከሆነ፣ ሣጥኑ መኪናው ውስጥ ምን ይሠራል?

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከፈትሁት።

ሃያ አራቱም አሉ። ዘጠኙ ጥቁርና ለስላሳ ናቸው። አሥራ አምስቱ ዝገዋል። አንድ ሞረድ፣ አንድ ፒንሳ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት፣ እና የታሰረ ካልሲ አለ። ካልሲው ከባድ ነው። ብፈታው ምስር ነው፤ የእኔ ምስር። ሰኔ ላይ ምስሩን ማን ጨረሰው ብዬ ኤደንን ተቆጥቻት ነበር።

ምስር ለወጥመድ ምን ያደርጋል?

ከዘጠኙ አንድ፣ ከአሥራ አምስቱ አንድ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። መሐሉ ላይ ሁለት መንጋጋ አለ። ግራና ቀኝ እንደ ትልቅ ወረንጦ የታጠፈ ረጅም ስፕሪንግ አላቸው። መሐል ላይ አውሬው የሚረግጣት ክብ ሳህን፣ ሳህኗን የምትይዝ ቀጭን መቀርቀሪያ። ብረቱ ይኸው ነው። ግን አንዱ ተነክቷል፣ ሌላው አልተነካም። ምኑን ነው የነካው? ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ሲያደርግ እንደነበር ከዚህ ልዩነት ውጭ የሚነግረኝ የለም።

ዛሬ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው። ባልተነካው ላይ ሰንሰለቱ የታሰረው ከስፕሪንጉ ጫፍ ነው። በእሱ ላይ ግን ከሥር፣ ከመሐል ነው የታሰረው፤ ሁለት ቦታም የሚሽከረከር ቀለበት አለው። ሰንሰለቱን ይዤ አዞርሁት። የእሱ ዞረ። ያልተነካው ተጠማዝዞ ቆመ።

የተያዘው አውሬ ሲዞር እግሩ አብሮ እንዳይጠመዘዝ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቴም አፈርሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሥራ ገባሁ። ሬክስዴል ድረስ አውቶቡስ ላይ ሳስብ የነበረው ስለ መንጋጋው ነው። የሆቴሉን አንሶላ ሳጥፍም እንደዚያው። የእሱ መንጋጋ ለምን ወፈረ?

ቤት ስገባ ማማሰያ አመጣሁ። ያልተነካውን በእግሬ ስፕሪንጎቹን ረግጬ ከፈትሁና የማማሰያውን እጀታ ሰጠሁት። ቀጭ! እንጨቱ ላይ እንደ ጥርስ ሁለት መስመር ቀረ። የእሱን ሞከርሁ። ያዘው፣ አልለቅም አለ፤ ሳወጣው ግን እንጨቱ ላይ ምንም የለም። መንጋጋው ላይ ዘንግ አስበይዶበታል፤ ጠርዙንም በሞረድ አክብቦታል።

ኤደን ከትምህርት ቤት ገብታ አየችኝ።

«ማሚ! ዋት አር ዩ ዱዊንግ?»

«ወንድምሽ የሠራውን እያየሁ ነው።»

«ኢትስ ክሩዌል፣ ማሚ። ጭካኔ ነው። አውሬ ነው የሚይዙበት።»

ማማሰያውን ሰጠኋት። በሁለቱም በኩል ዳበሰችው። ሄዳ አልጋዋ ላይ አልተኛችም። አጠገቤ ቁጭ አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጥጋቡ ጋራዥ ሄድሁ። አንዱን የዛገ ወጥመድ በፌስታል ይዤ።

«እትዬ ውቢት! መካኒክ ሊሆኑ ነው እንዴ?»

«ሞርሳ አለህ?»

«ሞርሳ! ሞርሳን ከየት ያውቃሉ?»

ወጥመዱን በሞርሳው መንጋጋ አጥብቄ አሰርሁና ሞረዱን አነሣሁ። ሞረድ ሲሄድ ነው የሚበላው፤ ሲመለስ ከብረቱ መነሣት አለበት። ወዲያና ወዲህ የሚፈገፍግ ሰው ሞረዱን ይገድለዋል። ማን እንዳስተማረኝ እዚህ አልጽፍም።

ጥጋቡ የሞረዱን አካሄድ አየና እንዲህ አለ፦ «ይዲድያ በጋውን ጥግ ስጠኝ ብሎኝ ነበር። ቦታ የለኝም አልሁት። ቤት ለምን አትሠራም ብለው፣ እማዬ ብረት አትወድም አለኝ።»

አዎ አልወድም። ይህን ለይዲድያ በነገርሁት ቀን ከዚህ ሌላ ያልሁት ነገር የለም።

ጥጋቡ የአሥራ አምስቱን ዘንግ እኔ እበይድልዎታለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ አለኝ። አሥራ አምስቱንም እንደምሠራ አልነገርሁትም ነበር። ለራሴም አልነገርሁትም ነበር። እስከ ጥቅምት 30 ሦስት ሳምንት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሳህኗን እያየሁ ነው። ባልተነካው ላይ ወጥመዱ ሲከፈት ወደ ላይ ቀና ትላለች። በእሱ ላይ ከመንጋጋው እኩል ተኝታለች። እግሯን በፒንሳ ትንሽ አጥፎ ነው ያስተኛት። የመቀርቀሪያዋን ጫፍና የምትገባበትን ጎድጓዳም በሞረድ ቀጥ አድርጎታል። ያልተነካውን ስጫነው ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በስንት መከራ ይዘጋል። የእሱ አይንሸራተትም። ወይ ይቆያል፣ ወይ ይዘጋል።

አራት ሠራሁ። ሁለቱን አበላሸሁ፤ መቀርቀሪያዋን አዘንብዬ ሞረድሁ። በፒንሳ አቅንቼ እንደ ገና ሠራኋቸው።

ምስሩ አሁንም አልገባኝም። ሣጥኑ ለምን መኪናው ውስጥ እንደነበረም።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 14

ኤደን ሽማግሌውን ኮል አደረገችልኝ። ስለ ካልሲው ጠየቅነው። ሳቀ አለችኝ፤ ከዚያ ሥራውን አስረዳን።

ሳህኗ የምትጠብቅበት ብሎን አለች። ካልሲው አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ወጥመዱን ከፍተህ ካልሲውን ቀስ ብለህ ሳህኗ ላይ ታስቀምጣለህ። ከተዘጋ ብሎኗ ላልታለች፤ ታጠብቃለህ። ካልሲውን ከቻለችና ጣትህን ስትጨምርበት ወጥመዱ ከተዘጋ ልክ ነው።

«ለምን?» በይው አልኋት።

ሽኮኮና ወፍ፣ ትንንሹ ሁሉ፣ ረግጦ እንዲያልፍ ነው አለ። የሚፈለገው ትልቁ አውሬ፣ ጸጉረ ወፍራሙ ሬኩን ነው። ይዲድያ ይህን ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ትቶ በዚህ ጀመረ አለ።

ትንሹ ረግጦ እንዲያልፍ። ሰኔ ላይ ለምስር ብዬ የጮኽሁት ጩኸት ትዝ አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ቅዳሴ ላይ ነው የታወቀኝ። ዘጠኙ ወጥመዶች አንድ የማውቀው ሽታ አላቸው። ለሁለት ሳምንት ሳሸትታቸው የምን እንደሆነ አጥቼው ነበር። ዛሬ አጠገቤ አንዲት ሴት ስታበራ ደረሰልኝ፤ ጧፍ ነው። ቤት ሄጄ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቆርቆሮ ከፈትሁ። ነድዶ የቀረውን የጧፍ ቁራጭ ለዓመታት የማጠራቅምበት ነው። ባዶ ነው።

ለአባ ተክለ ማርያም ደወልሁ።

«አባቴ፣ የጧፍ ቁራጭ ለሌላ ነገር ቢውል ኃጢአት ነው?»

«ምን ላይ ሊውል?»

«ብረት ላይ።»

«እንዳይዝግ?»

«እንዳይዝግ።»

«ልጁ ነው ያዋለው?»

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲያ ይሁን። የእኛንም ቁራጭ ሰብስቤ እሰጥሻለሁ። ለሰው ግን አታውሪ፣ ነገ ሁሉም ይጠይቀኛል።»

ከመስከረም ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ዛሬ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አሥራ አምስቱም ተበየዱ፤ ሰንሰለታቸውም በሚሽከረከር ቀለበት ከመሐል ታሰረ። ተሞረዱ። በምስሩ ተመዘኑ። የቀረው ማጥቆርና ሰም ነው።

የሣጥኑ ወረቀት ላይ፣ ኤደን ጠዋት ቸኩላ እንዳነበበችልኝ፣ ስለ ዋልነት ልጣጭ ተጽፏል። እዚህ ኢስት ዮርክ ከእኛ ሕንጻ ጀርባ ባለው መንገድ የዋልነት ፍሬ እንደ ኳስ ይወድቃል፤ ልጣጩ በስብሶ ይጠቁራል። አንዲት አሮጊት ከአጥሯ ሥር ሁለት ፌስታል ሙሉ ስሰበስብ አይታ በደስታ ሦስተኛ ፌስታል አመጣችልኝ። ልጣጩን በእጄ ላጥሁ። በትልቁ ድስት ወጥመዶቹን አብሬ ቀቀልሁ። ብረቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ እንዲህ ከሆነ ዝገት አይዘውም፣ የሰውና የፋብሪካ ሽታውም ይጠፋል። ድስቱ ከእንግዲህ ለወጥ አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ ሌላም ነበር። ኤደን ሲመሽ አነበበችልኝ፦ ጓንት አድርግ።

እጄ እስከ አንጓው ድረስ ጥቁር ነው። በሳሙና አጠብሁ። በሎሚ አሸሁ። በበረኪና። አይለቅም። ሽማግሌው ሳምንታት ይቆያል አለ። አርባው ረቡዕ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። አሞኛል ብዬ አስነገርሁ።

እጄን መስኮቱ ጋ ይዤ አየሁት። ጥፍሩ ዙሪያ፣ የጣቱ መታጠፊያ ላይ ጥቁር ነው። ይህን እጅ አውቀዋለሁ። የእኔ አይደለም።

እጽፈዋለሁ። አባቴ ተክሌ ገበሬ አልነበረም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። አገሬው ማረሻና ማጭድ ያሠራበታል፤ ዕቃውን ግን ከደጅ ይቀበላል እንጂ ቤታችን ገብቶ እህል አይቀምስም። ቡዳ ይሉናል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። ስምንተኛ ክፍል ላይ አንድ ልጅ ታሞ ውቢት አይታው ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ትምህርቴን እዚያው ትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። አባትሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ገበሬ አልሁ። ለልጆቼ አባት ገበሬ አልሁት፤ ሱዳን ላይ ሲሞት ይህንኑ እንዳመነ ሞተ። እዚህም ገበሬ አልሁ። ሠላሳ ዓመት።

ሚያዝያ ላይ ይዲድያ በረንዳው ላይ ወጥመድ ሲሞርድ፣ «እማዬ፣ አያቴ ምን ነበር ሥራው? እጄ እኮ ብረት ያውቃል» አለኝ።

ጥቅምት 9 ላይ ሌላ ያልሁት የለም ብዬ የጻፍሁት ውሸት ነው። እጁን መታሁት። ገበሬ ነበር አልሁት። ይህን ብረት ከቤቴ አውጣ፣ ሰው ምን ይለናል አልሁት። አወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ለሞረድ ብሎ ሦስት ሰዓት መንዳት የጀመረው።

ያን ቀን ያልሁትን ሌላ ክፉ ቃል አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27፣ መድኃኔ ዓለም

አርባው ዛሬ ሆነ። ጓንት አድርጌ ሄድሁ። ፍትሐቱ ሲያልቅ አዳራሽ ገባን። ዳቦው የእኔ ነው፤ ኤደን ናት ያቦካችው፣ እኔ እጄን አላስነካሁም። መቁረስ ግን የእናት ነው። ጓንት አድርጎ ዳቦ የሚቆርስ የለም።

አወለቅሁ።

«ውይ! ውቢትዬ፣ እጅሽ ምን ሆነ?» አለች ብርቅዬ። አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ልጄ ሊጨርሰው የነበረውን ሥራ ልጨርስለት ዋልነት ቀቅዬ ነው አልኋት። ይህ ይበቃ ነበር። ቁጭ ብል ማንም አይጠይቀኝም።

«የአባቴም እጅ እንዲህ ነበር» አልሁ። «ቀጥቃጭ ነበር። ይዲድያ ጠይቆኝ ዋሽቼዋለሁ።»

ከወደ ኋላ፣ «ምን አለች?» ሲል አንድ ሰው ሰማሁ። ዳቦው ፊቴ ነው። ቆረስሁ። ማን እጁን እንደሚዘረጋ ቆሜ አየሁ። ማየት ነበረብኝ።

ጥጋቡ ተነሥቶ መጣ። «እትዬ ውቢት፣ ለእኔ ከጠርዙ፣ የደረቀውን።» ያዘና ቆሞ በላ። አባ ባርከው ቀመሱ፤ «የእመቤታችን ጠባቂ ዮሴፍም የእጅ ሠራተኛ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን እንደ መናገር ብለው። ከዚያ ሰው ተከተለ። ሁሉም አይደለም።

ብርቅዬ ድርሻዋን ተቀበለች፣ በናፕኪን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቤቷ ትብላው ወይ ትጣለው አላውቅም። ስትወጣ ግን ሁለት ጊዜ ሳመችኝ፤ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የምትስመኝ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ኤደን ጥቁሩን እጄን ይዛ፣ «አያቴ ሌላ ምን ይሠራ ነበር?» አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። እስክንወርድ ድረስ ነገርኋት። እሳት የሚያናፋበትን ወናፍ፣ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ፣ ቢላ ምን ያህል ቀልቶ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር። ይህን ሁሉ እንደማስታውስ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ሽማግሌው መጣ። ሃያ አራቱን ወለሉ ላይ በተርታ ደረደርሁለት። ኀሙስ ሁሉንም አንድ ላይ በቀለጠ የጧፍ ሰም ውስጥ ነክሬ ሰቅያቸው ነበር። ካልሲውን ጠየቀኝ። እየተንበረከከ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ እያንዳንዱን ከፍቶ መዘነ። አንድ ሰዓት ፈጀበት። አላጣደፍነውም።

ሲጨርስ ኤደንን፣ «የእሱ የትኞቹ ናቸው?» አላት።

ላሳየው ጎንበስ አልሁ። አላወቅኋቸውም። አንዱን አነሣሁ፣ ሌላውን አነሣሁ። አንድ ሽታ፣ አንድ ጥቁረት። ምልክት ልታደርጊባቸው ይገባ ነበር ብዬ ራሴን ልሰድብ ጀመርሁ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። እኔም መለየት አልቻልሁም፣ ስለዚህ ነው የጠየቅሁት አለ።

ከዚያ ወሩን ሙሉ ያብሰለሰለኝን ጠየቅሁት። ሞርሳው አንተ ቤት ነው። የሚሠራውም አንተ ቤት ነው። ሣጥኑን ለምን ወደዚህ ይዞት መጣ?

ሽማግሌው ኤደንን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ኤደን ቃል በቃል አስተረጎመችልኝ።

«መንገዱ በጣም ረዘመብኝ፣ እናቴን ደግሜ ልጠይቃት ነው አለኝ። ቤት እንድሠራ ትፈቅድልኛለች አለኝ። እሷ ብረት ታውቃለች አለኝ። ሚያዝያ ላይ ስሞርድ፣ ከወጥ ቤት ሆና ድምፁን ብቻ ሰምታ ‹አዘንብለሃል፣ ቀጥ አድርገው› አለችኝ፤ እውነትም አዘንብዬ ነበር፤ የተቆጣችኝ ከዚያ በኋላ ነው አለኝ።»

እኔ ይህን ማለቴን ረስቼው ነበር። እሱ አልረሳውም። ሊጠይቀኝ እየመጣ ነበር።

ልጄ ሆይ፣ እፈቅድልህ ነበር ወይ? አላውቅም። ውሸት ከእንግዲህ አልጽፍም። አላውቅም።

ሽማግሌው ሃያ ሦስቱን ወሰደ። አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ተወልኝ፣ ካልሲውንም። የሱ ይሁን የእኔ አላውቅም።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምታነቢ ኤደን፣ ወይም እጁ የገባለት ማንም ሰው፤ ስለ ወጥመዱ ብታስብ ባታስብ ግድ የለም። ስታነብ እዚህ ላይ ቁምና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገምልኝ። ለልጄ ለይዲድያ፣ በክርስትና ስሙ ለወልደ ሚካኤል። ትንሹን ረግጦ እንዲያልፍ ያደረገ ነውና፣ እሱንም በሰላም ያሳልፈው። ለአባቴም ለቀጥቃጩ ለተክሌ፣ በክርስትና ስሙ ለኃይለ ጊዮርጊስ። ሠላሳ ዓመት ስሙን በጸሎት ያነሣለት አልነበረም። አብራችሁ ጥሩልኝ፤ እዚያ ሳይተዋወቁ እንዳይቀሩ።